ከቦቴ ማደሪያው ግቢ የወጣ አፈር፦ ኦርጋኒክ እርሳስን የመለካት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 6 ቀን

ይህ ሥራ የተጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከኮምቦልቻ በመጣ አንድ ጥያቄ ነው። ከከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ከአሰብ ነዳጅ ጭነው የሚመጡ ቦቴዎች ያድሩበት የነበረ ግቢ አለ። ግቢው ዛሬ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ ጓሮው ጎመንና ቃሪያ ይበቅልበታል፤ ከጓሮው ዝቅ ብሎም በእጅ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ይገኛል። የቤቱ ባለቤት ሐጂ በወጣትነታቸው የቦቴ ሾፌር ነበሩ። ልጆቻቸው ለተጨማሪ ክፍል መሠረት ሲያስቆፍሩ ከአንድ ክንድ ጥልቀት በታች አፈሩ ቤንዚን ቤንዚን ስለሸተታቸው፣ «ውኃውን እንጠጣው ወይስ እንተወው?» ብለው ደሴ ድረስ ወደ ቤተ ሙከራችን መጡ።

ነገሩ የቤንዚን ሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በቀለለ ነበር። ሆኖም ቦቴዎቹ በሚሌና በባቲ በኩል ይመላለሱ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራውን እስኪያቆምና በቀጣዩ ዓመት የተነሣው ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ፣ መኪናዎቻችን የሚቀዱት ቤንዚን እርሳስ የተቀላቀለበት ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 ቴትራኢታይል ሌድ የተባለው ፈሳሽ የሞተርን መንኳኳት እንደሚያስቀር ካረጋገጠ በኋላ፣ ይህ ቅመም በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ ቆይቷል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ለተሽከርካሪ መጠቀሙን አቆሙ፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አቆመች። ከጭስ ማውጫ የወጣው እርሳስ በየመንገዱ ዳር ሲበተን፣ ሳይቃጠል መሬት ላይ የፈሰሰው ግን እንደ ነበረ ወደ አፈር ሰርጓል። የሐጂ ግቢ እኔን ያሳሰበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

እርሳስ በማንኛውም አፈር ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ይገኛል፤ ስለዚህ «እርሳስ አለበት» ብሎ መመለስ ለእኚህ ቤተሰብ ምንም አይፈይድላቸውም። ማወቅ የምንፈልገው እርሳሱ በምን መልክ እንዳለ ነው።

ጥቅምት 9 ቀን

ዛሬ ከተማሪዬ ጋር የሥራውን ዕቅድ አወጣን። ተማሪዬ የማስተርስ ጽሑፏን በዚህ ጉዳይ ላይ ለመሥራት ስለወሰነች፣ ከሁሉ አስቀድሜ የንጥረ ነገሩን ጠባይ አስረዳኋት።

ቴትራኢታይል ሌድ አንድ የእርሳስ አቶም በአራት የኢታይል ቅርንጫፎች የተከበበበት ፈሳሽ ነው፤ ከክብደቱ 64 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው። በውኃ አይሟሟም፤ በቤንዚንና በቅባት ይሟሟል፤ ቆዳንም ያልፋል። በብርሃን፣ በአየርና በአፈር ውስጥ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እያራገፈ መጀመሪያ ትራይኢታይል፣ ቀጥሎ ዳይኢታይል፣ በመጨረሻም ተራው ኢንኦርጋኒክ እርሳስ ይሆናል። እኛ እርስ በርሳችን «ባለ አራት»፣ «ባለ ሦስት»፣ «ባለ ሁለት» እያልን እንጠራቸዋለን። ባለ ሦስቱና ባለ ሁለቱ አዎንታዊ ሙል ስለሚይዙ በውኃ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ከአፈር ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ ተብለው የሚጠረጠሩት እነዚህ ናቸው። በሰው ገላ ውስጥም ጉበት ባለ አራቱን ወደ ባለ ሦስት ይለውጠዋል፤ አንጎልን የሚጎዳው፣ እንቅልፍ የሚነሣውና የሚያቃዠውም በዋናነት ይኸው ባለ ሦስት ነው።

ያለን መሣሪያ በነበልባል የሚሠራ አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር ነው። በ283.3 ናኖ ሜትር ላይ የእርሳስን አቶም ይቆጥራል፤ ነገር ግን አቶሙ ከየትኛው ውሕድ እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ መለየቱን ከመሣሪያው በፊት በእጃችን መሥራት ይኖርብናል። ባለ አራቱን ከእርጥብ አፈር ሄክሳን በተባለው፣ ከውኃ ጋር በማይቀላቀል ፈሳሽ እናወጣዋለን። ባለ ሦስቱንና ባለ ሁለቱን ለማውጣት ደግሞ ናሙናውን ፒኤች 8 እና 9 መካከል አድርገን፣ ተራውን እርሳስ ኤዲቲኤ በተባለው ብረት ያዥ ውሕድ አስረን፣ ከዚያ ሶዲየም ዳይኢታይልዳይቲዮካርባሜት ጨምረን ወደ ሄክሳን እንስባቸዋለን። ኤዲቲኤ ተራውን እርሳስ ጨምድዶ ውኃው ውስጥ ሲያስቀረው ኦርጋኒኮቹን ግን ይለቃቸዋል። የሥራው ሁሉ ምሰሶ ይህ ልዩነት ነው፤ እሱ ከተናጋ ሁሉም ይናጋል።

ንጹሕ ቴትራኢታይል ሌድ ወደ ቤተ ሙከራችን እንዳይገባ ወስኛለሁ። የሚገዛው በሄክሳን በእጅጉ የቀጠነ ስታንዳርድ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚከፈተው ጭስ መሳቢያው ውስጥ ብቻ፣ በድርብ ጓንት ነው።

ጥቅምት 14 ቀን

ኮምቦልቻ ወርደን ናሙና ወሰድን። በእጅ በሚዞር የአፈር መሰርሰሪያ ከ0 እስከ 10፣ ከ40 እስከ 50 እና ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሦስት ቦታ ቆፈርን። የላዩ አፈር ጥቁር መረሬ ሲሆን፣ ታችኛው ግን አመድማ መልክ ነበረው፤ መሰርሰሪያውን ስንመዝዘው የድሮ ቤንዚን ሽታ እንደ አዲስ ወጣ። ሐጂ ጠጋ ብለው አሸተቱና ዝም አሉ።

ቡና ሲቀርብ ያለፈውን አወጉን። «ልጄ፣ ያኔ ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ በአፋችን እየሳብን ነበር የምንቀዳው። እጃችን ግሪስ ሲነካ በእሱ ነበር የምንታጠበው። ይጎዳል ያለን ሰው አልነበረም» አሉ። ከቦቴዎቹ የትኛው የት ይቆም እንደነበር፣ ቫልቩ የሚያንጠባጥበው የየትኛው መኪና እንደነበር፣ በርሜሎቹ የት ይደረደሩ እንደነበር በከዘራቸው መሬት ላይ እየጫሩ አሳዩን። ተማሪዬ ያን ሥዕል ወደ ደብተሯ ገለበጠችው። ሁለተኛውን ጉድጓድ በርሜል በነበረበት ቦታ እንድንቆፍር ያደረገን የእሳቸው ትውስታ ነው፤ ያለ እሱ ግቢውን በየአራት ሜትሩ ስንበሳ እንውል ነበር።

አፈሩን በጠቆረ ብርጭቆ ማሰሮ እስከ አፉ ሞልተን፣ ከክዳኑ ሥር የአልሙኒየም ፎይል አድርገን፣ በበረዶ ሣጥን ውስጥ በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን የሐረጎን ዳገት ወጣን።

ጥቅምት 17 ቀን

ዛሬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እንዳይደገም እዚህ እጽፈዋለሁ። ለጠቅላላ ብረት ምርመራ አፈርን በ105 ዲግሪ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ነፍቶ መመዘን የዓመታት ልማዴ ነው። በዚህ ልማድ የመጀመሪያዎቹን ማሰሮዎች ማታ ኦቭን ውስጥ አስገብቼ ሄድሁ። ጠዋት ስገባ ክፍሉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ሌሊቱን በስስ ዝርግ ሳህን ላይ ተሰጥቶ የሞቀው አፈር የያዘውን ባለ አራት አየር ላይ ለቆታል ማለት ነው። የዚህ ፈሳሽ የመፍላት ነጥብ 200 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም።

ናሙናው ከመጥፋቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ፣ ተማሪዬ ከእኔ ቀድማ ብትገባ ኖሮ ያን አየር የምትስበው እሷ መሆኗ ነበር። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ክፍሉን እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጋነው። ከዛሬ ጀምሮ ለኦርጋኒክ እርሳስ የሚመጣ አፈር ሳይደርቅ፣ በእርጥቡ ይመረመራል፤ የእርጥበቱ መጠን ከዚያው ማሰሮ በሚወሰድ ሌላ ጥቂት አፈር፣ ጭስ መሳቢያው ሥር ብቻ ይለካል። በኦቭኑ በር ላይ ይህን የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ።

ኅዳር 2 ቀን

ዳግመኛ ወርደን ከበርሜሉ ቦታ አዲስ ናሙና አመጣን። ሐጂ በድጋሚ መምጣታችን እንዳሳፈረን ስላዩ «አብሽሩ፤ መሬቱ የትም አይሄድም» አሉን። በዚሁ ጉዞ ለንጽጽር የሚሆን አፈር ከሐይቅ ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ ከሚገኝ የጤፍ ማሳ ዳር ወሰድን፤ ገበሬው አጨዳ ላይ ስለነበሩ ከነዶው እርቀን ቆፈርን።

ኅዳር 9 ቀን

ስታንዳርዱ ከአዲስ አበባ ስለደረሰልን የመልሶ ማግኘት ፈተና ጀመርን። አሥር አሥር ግራም የማሳ አፈር መዝነን፣ መጠኑን የምናውቀውን ባለ አራት ጨምረንበት፣ አንድ ሰዓት በጨለማ አቆይተን እንደ ናሙና መረመርነው። ከጨመርነው ውስጥ ያገኘነው በሦስቱ ድግግሞሽ 31፣ 36 እና 28 በመቶ ነው። ይህ ማለት ከሐጂ አፈር ውስጥ ያለውን እንኳ ብንለካ ሁለት ሦስተኛው በእጃችን ላይ ይጠፋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዘዴ «አልተገኘም» ብሎ መጻፍ በሕሊናዬ ሐሰት ነው።

ጥፋቱን ለማግኘት ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት ከፋፈልነው። አፈሩን ትተን ስታንዳርዱን ብቻ በሄክሳን አድርገን እንደ ልማዳችን በናይትሮጅን እያነፈስን ወደ አንድ ሚሊ ሊትር አካባቢ ስናወርደው አብዛኛው ጠፋ። ያነፈስነው ሄክሳኑን ብቻ መስሎን ነበር፤ ባለ አራቱም አብሮ ሄዷል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሄክሳን እዚህ ከመደበኛው 69 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በመጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ሙቀት ስንጠቀም ከታሰበው በላይ እያጣደፍነው ነበር።

ኅዳር 12 ቀን

ማትነኑን ጨርሰን ተውነው። በምትኩ የሄክሳኑ ተዋጽኦ ላይ የአዮዲን ሙሙት በጠብታ እንጨምራለን። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሐምራዊ ሆነው ይወርዱና ፈነሉ ሲነቀነቅ ይደበዝዛሉ፤ ቅርንጫፎቹን እየቆረጡ ነው። ሐምራዊው ቀለም ለአምስት ደቂቃ ሳይለቅ ሲቆይ ቆም እንላለን። ከዚያም በ5 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ ነቅንቀን እርሳሱን ከሄክሳኑ ወደ አሲዱ እናወርደዋለን። አዮዲኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ የተለያዩ የኦርጋኒክ እርሳስ ውሕዶች ነበልባሉ ውስጥ እኩል ምላሽ ስለማይሰጡ፣ ሁሉንም ወደ አንድ መልክ ካላመጣናቸው በተራ እርሳስ በተሠራ የመለኪያ መስመር ልናነባቸው አንችልም።

የዛሬው መልሶ ማግኘት 84፣ 79 እና 82 በመቶ ነው። መረሬው ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ከሄክሳኑ ጋር እንደ እርጎ ይረጋ ነበር፤ አፈሩን አስቀድመን ውኃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት ስንለውሰው ተፈረካከሰ፤ ንብርብሩም ጠራ። ሒሳቡም እነሆ፦ መሣሪያችን በሊትር ከ0.05 ሚሊ ግራም በታች ያለውን በእርግጠኝነት አያነብም፤ ከ10 ግራም አፈር የወጣውን ወደ 5 ሚሊ ሊትር ካመጣነው ዝቅተኛው የምናየው መጠን በኪሎ ግራም 25 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ለበርሜሉ ቦታ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 17 ቀን

ዛሬ ማታ ተማሪዬ በደስታ ደወለችልኝ። ባለ ሦስቱንና ባለ ሁለቱን የምንለይበትን ሁለተኛውን መንገድ በሁሉም ናሙና ላይ ሠርታ በሁሉም ላይ ጉልህ ንባብ አግኝታለች፤ በበርሜሉ ቦታ፣ በጓሮው፣ በማሳውም ላይ ጭምር። ደስታዋን ላደፈርስ አልፈለግሁም፤ ነገር ግን «በማሳውም ላይ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሣኝ። ቦቴ አይቶ በማያውቅ የጤፍ ማሳ ዳር ትራይኢታይል ሌድ ከየት ይመጣል?

ኅዳር 18 ቀን

ጠዋት ፈነሎቹን ብርሃን ላይ አንጠልጥለን ተመለከትናቸው። ከላይ የተንሳፈፈው የሄክሳን ንብርብር ጥርት ማለት ሲገባው የቀጠነ ቡና መስሏል። ቡናማው ቀለም የብረትና የመዳብ ዳይቲዮካርባሜት ነው። ብረቱ ኤዲቲኤውን አልፎ ሄክሳን ውስጥ ከገባ፣ ተራው እርሳስ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ለማረጋገጥ ሁለት ፈነል አዘጋጀን፤ በአንደኛው ንጹሕ ውኃ፣ በሌላው የማሳ አፈር አድርገን በሁለቱም ላይ ተራውን እርሳስ ብቻ ጨመርን። ከንጹሕ ውኃው ምንም አልተሻገረም፤ ከአፈሩ ግን ተሻገረ። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኤዲቲኤ ሦስት ሙል ያለውን ብረት የሚይዝበት ኃይል በሎጋሪዝም ልኬት 25 ሲሆን፣ እርሳስን የሚይዝበት 18፣ ካልሲየምን የሚይዝበት ደግሞ 11 ገደማ ነው። የእኛ አፈር ከጥቁር እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተወለደ፣ በብረት የጠገበ ነው፤ ያስገባነው ኤዲቲኤ አስቀድሞ በብረቱ ስለተያዘ ለእርሳሱ የቀረው አልበቃም። ዘዴውን የወሰድነው ለወንዝ ውኃ ከተጻፈ መመሪያ ነበር፤ ለወሎ መረሬ አልተለካም።

ተማሪዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ፈነሎቹን ስታይ ቆየችና «ትናንት ለቤተሰቦቼ ነግሬያቸው ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ያገኘሽውም ይነገራል፤ እንዲያውም ይበልጣል» አልኋት፤ ከልቤ ነው ያልሁት። ያ ንባብ ሳይጠየቅ ቢያልፍ ኖሮ አንድ ቤተሰብ በሌለ ነገር ከቤቱ ይፈናቀል ነበር።

ኅዳር 23 ቀን

ኤዲቲኤውን በአሥር እጥፍ ጨመርን፤ ዳይቲዮካርባሜቱ ከመግባቱ በፊትም አፈሩ ከኤዲቲኤው ጋር ግማሽ ሰዓት እየተነቀነቀ እንዲቆይ አደረግን። ፒኤቹ ኤዲቲኤው ሲገባ ስለሚወርድ እንደገና አስተካክለነዋል። የሄክሳኑ ንብርብር ፈዛዛ ቢጫ ሆነ። ተራ እርሳስ የተጨመረበት የማሳ አፈር አሁን ከብላንኩ፣ ማለትም ናሙና ሳይገባበት ከሚሠራው ባዶ ፈተና አይለይም፤ የተጨመረ ትራይኢታይል ሌድ ግን 88 በመቶው ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሲደገም የማሳውም፣ የጓሮው ላይኛ አፈርም ንባብ ጠፋ። የበርሜሉ ቦታ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያለው ግን ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። በሦስት ድግግሞሽ ቆሞ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ መሣሪያው ስለጠፋ፣ ሲመለስ ላምፑ እስኪሞቅ ጠብቀን የመለኪያ መስመሩን እንደ አዲስ ሠራን። የጠዋቱን መስመር ለከሰዓት ንባብ አልተጠቀምንም።

ታኅሣሥ 3 ቀን

የመንገድ ዳር አፈርም አየን፤ ከደሴ ፒያሳ አካባቢ ከአስፋልቱ ጠርዝ የተወሰደ ነው። ጠቅላላ እርሳሱ ከማሳው ይበልጣል፤ ኦርጋኒኩ ግን ከምናየው በታች ነው። ይህ የሚጠበቅ ነው። በሞተር ውስጥ ያለፈው ቴትራኢታይል ሌድ ተቃጥሎ፣ ከቤንዚኑ ጋር ከሚቀላቀሉት የብሮሚንና የክሎሪን ውሕዶች ጋር ተጣምሮ፣ እንደ ኢንኦርጋኒክ ጨው ከጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ሳይቃጠል ያመለጠውንም ፀሐይ ታፈርሰዋለች።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም መመርመር አለበት ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እርሳስ ዛሬም ያለበት የአቪዬሽን ቤንዚን በፒስተን ሞተር ለሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚቀዳው ሲሆን፣ ለኮምቦልቻ መንገደኛ የሚያመላልሱት ባለ ተርባይን አውሮፕላኖች ግን የሚያቃጥሉት እርሳስ የሌለበት ኬሮሲን ነው። ስለዚህ ወደዚያ አልሄድሁም።

ታኅሣሥ 12 ቀን

የጉድጓዱን ውኃ ዛሬ ጨረስን። ለብረት ምርመራ የሚመጣ ውኃ እንደ ተቀዳ አሲድ ይደረግበታል፤ ለዚህኛው ግን አሲድ አላደረግንም፤ አሲድ ራሱ ቅርንጫፎቹን ያራግፋልና። በጠቆረ ብርጭቆ ጠርሙስ አየር ሳናስቀር ሞልተን፣ በቅዝቃዜ አምጥተን፣ በማግሥቱ ሠራነው። ከ500 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ሚሊ ሊትር ስለምናጠራቅም መቶ እጥፍ እናገኛለን፤ የምናየው ዝቅተኛ መጠንም በሊትር 0.5 ማይክሮ ግራም ነው። ከዚህ በታች ነው፤ ሦስቴም። ትራይኢታይል ሌድ ጨምረንበት የሠራነው ጠርሙስ 91 በመቶ ስለመለሰ ይህን «ከዚህ በታች» አምነዋለሁ። ጠቅላላ እርሳሱም የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮ ግራም በታች ነው።

ነገር ግን ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ብቻ የለም። ከነዳጁ ጋር በስም የሚመሳሰለው ቤንዚን (benzene) የተባለው ውሕድና ቶሉይንን የመሳሰሉት ካርቦናማ ውሕዶች ከእርሳሱ ይልቅ በፍጥነት ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ እነሱን የምንለካበት መሣሪያ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ለሐጂ «ውኃው ደኅና ነው» የሚል ወረቀት አልጽፍም።

ጥር 4 ቀን

የበርሜሉን ቦታ ተዋጽኦ በአንድ አዲስ አበባ በሚገኝ ቤተ ሙከራ በጋዝ ክሮማቶግራፍና በማስ ስፔክትሮሜትር ለማረጋገጥ ወሰድነው። በብልቃጥ ታሽጎ፣ በበረዶ ሣጥን፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና እንጂ ከሕዝብ ጋር በአውቶቡስ አልላክነውም። እኛ ደሴ ላይ «ኦርጋኒክ እርሳስ» የምንለው ዘዴያችን የለየውን ነው፤ ውሕዱን በስሙ መጥራት የሚቻለው በዚህ መሣሪያ ነው።

ባለ ሦስቱና ባለ ሁለቱ ሙል ስላላቸው እንዳሉ አይተኑም፤ በጎደለው ቦታ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ ተተክሎላቸው ነው በጋዝ መሣሪያ የሚያልፉት። የምንተክለው ፕሮፓይል ነው። ኢታይል ብንተክል ኖሮ ባለ ሦስቱም፣ ባለ ሁለቱም፣ ተራው እርሳስም ሁሉም ባለ አራት ኢታይል ሆነው ይወጡና ከየት እንደመጡ ማወቂያ ይጠፋ ነበር።

ስታንዳርዱ በሚወጣበት ደቂቃ የሐጂም አፈር አንድ ጫፍ አወጣ። ማያው ላይ ሦስት መስመሮች ተያይዘው ቆሙ፤ 293፣ 294 እና 295። እርሳስ በተፈጥሮው በዋናነት 206፣ 207 እና 208 ክብደት ያላቸው አይሶቶፖች ድብልቅ ሲሆን ድርሻቸው በቅደም ተከተል 24፣ 22 እና 52 በመቶ ያህል ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ጥሎ ሦስት ኢታይል የቀረው እርሳስ በእያንዳንዱ ላይ 87 ይጨምራል። መስመሮቹ ሁለት አጫጭር ወንድማማቾችና ከጎናቸው አንድ ከእጥፍ በላይ የረዘመ ሆነው ቆመዋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሦስቱ በ235፣ 236 እና 237 ላይ በዚያው ቁመት ተደግመዋል። ተማሪዬ ጣቷን ማያው ላይ አስደግፋ ሦስቱን እየቆጠረች ነበር። ጥቂት ቆይቶ የባለ ሦስቱ ጫፍ ፕሮፓይል ለብሶ መጣ፤ 309 ስለታየበት ከባለ አራቱ ጋር አይምታታም።

የማሳው አፈርና ብላንኩ በሁለቱም ደቂቃ ላይ ባዶ ናቸው። መጠኑን በቁጥር አልጻፍሁትም፤ ስታንዳርድ ተጨምሮበት የተፈተነው የማሳ አፈር ነው እንጂ በአሮጌ ቤንዚን የራሰው ጥልቅ አፈር አይደለም፤ በእሱ ላይ ፈተናው እስኪሠራ ቁጥሩ ይቆይ። መኖሩ ግን ተረጋግጧል።

ጥር 15 ቀን

ዛሬ ከተማሪዬ ጋር ሐጂ ቤት ሄደን ውጤቱን በአፍም በጽሑፍም አስረዳን። መሠረቱ በዚያ ቦታ እንዳይቆፈር፣ የወጣው አፈርም በላስቲክ ተሸፍኖ ልጆች እንዳይደርሱበት፣ ጎመኑ ወደ ላይኛው ጓሮ እንዲዛወር፣ የጉድጓዱ ውኃም የቤንዚን ምርመራው አዲስ አበባ ተሠርቶ እስኪመጣ ለልብስ እንጂ ለመጠጥና ለወጥ እንዳይውል ነገርናቸው። ትልቁ ልጃቸው «ለስንት ጊዜ?» ብሎ ጠየቀ፤ ውጤቱ በመጣ ዕለት ራሴ እንደምደውልለት ነገርሁት። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው ለልጃቸው ሰጡና «ያኔ አብረውኝ ይነዱ የነበሩት ሁለቱ ሲቃዡ ነበር ያለፉት፤ ቡዳ ነው ተባለ» አሉ። ያ በእርሳሱ ይሁን በሌላ ሕመም ዛሬ መለየት እንደማይቻል በግልጽ ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመሄዳችን በፊት ከበርሜሉ ቦታ ወደ ጉድጓዱ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ በስምንትና በአሥራ ስድስት እርምጃ ርቀት ሁለት ችካል ተከልን። የበልጉ ዝናብ ካበቃ በኋላ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች እስከ አንድ ሜትር ተኩል እንቆፍራለን፤ ውኃውም በዚያው ቀን ይቀዳል። ማሰሮዎቹ ታጥበው፣ በሄክሳን ታጥበው፣ ፎይላቸው ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።